በግንብ ላይ የሚበር ሳምቡሳ

አስራ አንደኛ ክፍል ሳለን የትምህርት ቤታችን በር ጠዋት አንዴ ከተዘጋ እስከ ምሳ ሰዓት አይከፈትም ነበር። ምክንያቱ እኛው ነን። ለእረፍት የወጣ ተማሪ ሳሪስ ወይ አቃቂ በሰቃ ሲዞር ይውልና በማግስቱ “አሞኝ ነበር” እያለ ይመጣል። ግቢው ውስጥ ያለው የሻይ ክበብ ደግሞ ጣሪያው ሊታደስ ነው ተብሎ ከተዘጋ ቆይቷል። ስለዚህ በእረፍት ሰዓት፣ ከአውራ መንገዱ የሚነሳውን የሲኖትራክ አቧራ ካልቆጠርን በቀር፣ አፋችን የሚገባ ነገር አልነበረም።

በጓሮ በኩል ግን የትምህርት ቤቱን የግንብ አጥር ተደግፋ የተሠራች ሱቅ ነበረች። ባለቤቱ ከስልጤ የመጡ፣ ጺማቸውን በሂና የሚያቀሉ ሰው ናቸው፤ እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። ሚስታቸው የሚጠብሱት የምስር ሳምቡሳ ቃሪያው ዓይን ያስለቅሳል፣ ግን አንዱን የበላ ሁለተኛውን ሳይጠይቅ አይሄድም። እኔና ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ዴስክ የምንጋራው ጓደኛዬ ከጋሼ ጋር ተዋዋልን። ጠዋት ስንገባ ከፍለን እናዛለን፤ በእረፍት ሰዓት ግንቡ ስር ቆመን በድንጋይ ስናንኳኳ፣ እሳቸው ከሱቁ ጀርባ ካለችው ግቢያቸው በፌስታል ጠቅልለው ይወረውሩልናል።

ውሉ ጥሩ ነበር። ችግሩ ጋሼ መወርወር አይችሉም።

ግንቡ ከእኛ ቁመት እጥፍ በላይ ነው፤ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሎበታል። ጋሼ ደግሞ ግንቡ ላይ ተለጥፈው ነው የሚወረውሩት። አንዳንዱ ፌስታል ግንቡን ከወዲያ በኩል ሲመታ ይሰማናል፤ ከዚያ የጋሼ “ውይ” ይከተላል። እልህ ይዟቸው በኃይል ሲወረውሩት ደግሞ ሳምቡሳው በላያችን አልፎ የሽንት ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ያርፋል። የአካባቢው አሞራዎች ሰዓታችንን ለመዱት። ገና ደወል ሲደወል ከእኛ ቀድመው ቆርቆሮው ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ።

በዚያው ሰሞን የፊዚክስ መምህራችን ቬክተርን ጨርሶ የተወረወረ ነገር እንዴት እንደሚጓዝ የሚያጠናውን ፕሮጀክታይል ሞሽን ጀመረ። ቲቸር ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ብዙም ያልቆየ፣ ኮቱ ትከሻው ላይ የሚሰፋው ወጣት ነበር። ትምህርቱን ይወደዋል፣ ክፍሉ ግን ያንቀላፋል። ቬክተር ላይ ሁላችንንም የቀሰቀሰችን ጓደኛዬ ነበረች። ቲቸር “መጠን ኖሮት አቅጣጫ የሌለው ነገር ጥቀሱ” ሲል እጇን አወጣች።

“የእናቴ ቁጣ።”

“እንዴት?”

“ወንድሜ ያጠፋል፣ ቁጣው ግን ቤት ውስጥ ላለነው ለሁላችንም ይደርሳል።”

ክፍሉ ሳቀ። ቲቸር አልሳቀም። ጠመኔውን እያሽከረከረ ትንሽ አሰበና “እሱ ሞገድ ይመስለኛል፤ ሞገድን ገና እንማራለን” አለ።

ፕሮጀክታይል የጀመረ ቀን ሰሌዳው ላይ ግንብ ሳለ። ከግንቡ ወዲህ ትንሽ ሰው፣ ከግንቡ ወዲያ ደግሞ ኳሱ የሚያርፍበትን ቦታ አደረገ። እኔና ጓደኛዬ ተያየን።

“ቲቸር፣ ወርዋሪው ግንቡ ላይ ተለጥፎ ቢቆምስ?” አለች።

“ያኔ አንግሉ በጣም ቀጥ ማለት አለበት። ያንኑ ያህል ጉልበት ይዞ ቀጥ ባለ ቁጥር ደግሞ ሽቅብ ይወጣል እንጂ ወደፊት ብዙ አይሄድም። ትንሽ ወደ ኋላ ቢል ይሻለዋል።”

“ግትር ቢሆንስ?”

“ኳሱ?”

“ወርዋሪው።”

ቲቸር ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰሌዳው ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ አዞረ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከደወሉ ሰዓት በቀር ማንም ጠይቆት አያውቅም። ፊቱ በራ። እኛም ቀጠልን። ጉልበት ቢበዛ የት ያርፋል፣ ተቀባዩ የት ይቁም፣ ወርዋሪው ግንቡን እንጂ ተቀባዩን የማያይ ከሆነ በምን ያውቃል። ክፍለ ጊዜው አልቆ ተከትለነው ወጣን። በኋላ እንደሰማነው ለመምህራኑ “ለፊዚክስ የተፈጠሩ ሁለት ሴት ተማሪዎች አሉኝ” ብሎ አውርቷል። ለሳምቡሳ እንደሆነ የሚነግረው ሰው አልነበረም።

ስሌቱን ለመሥራት የግንቡን ቁመት ማወቅ አለባችሁ አለን። በጥላ እንደሚለካም አሳየን። በማግስቱ እኔ ዱላ ይዤ ፀሐይ ላይ ቆሜ፣ ጓደኛዬ የግንቡን ጥላ በማስመሪያ እየለካች ስትንፏቀቅ አባባ የምንላቸው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መጡብን። አባባ ጡረታ የወጡት ከማረሚያ ቤት ጥበቃ ነው። በር ላይ ቦርሳችንን ሲፈትሹን እንኳ የልምድ ነገር ሆኖ ወደ ግድግዳ ዞረን እንድንቆም ያደርጉን ነበር።

“ምን እያደረጋችሁ ነው?” አሉ።

“ግንቡን እየለካን ነው አባባ። የቤት ሥራ ነው” አልኩ።

ጥላውን አዩ፣ ዱላዬን አዩ፣ ቀና ብለው የጠርሙሱን ስባሪ አዩ።

“ግንብ የሚለካ ሰው ከዚህ በፊት አይቻለሁ” አሉ። “ሲያዝም አይቻለሁ።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ በእረፍት ሰዓት ከኋላችን አንድ ጊዜ ሳያልፉ አይቀሩም።

የቲቸርን መልስ ይዘን ጠዋት ጋሼ ዘንድ ሄድን። ግቢያቸው ውስጥ እስካለው የውሃ በርሜል ድረስ ወደ ኋላ እንዲሉ፣ ከዚያም ወደ ግንቡ ሳይሆን ወደ ሰማይ እንዲወረውሩ ነገርናቸው። ጓደኛዬ በክንዷ አንግሉን ሠርታ አሳየቻቸው። ጋሼ ስኳር መመዘናቸውን ትተው ክንዷን አዩት።

“እኔ ሳምቡሳ ሻጭ ነኝ ወይስ መድፈኛ?”

“ቲቸር በሂሳብ ሠርቶት ነው ጋሼ።”

“ቲቸራችሁ ሳምቡሳ ወርውሮ ያውቃል?”

“አያውቅም።”

“እኔ ወርውሬ አውቃለሁ።”

“ግን አይደርስም” አልኳቸው።

ሚስታቸው ከመጋረጃው ጀርባ ሳቁ። ጋሼ ወደ ስኳሩ ተመለሱ፤ ያኔ እንደተስማሙ ገባን።

በእረፍት ሰዓት ስናንኳኳ ፌስታሉ ከግንቡ ማዶ ብቅ አለ። እንደዚያ ከፍ ብሎ አይተነው አናውቅም። ልክ ሰሌዳው ላይ እንደተሳለው እየተጠማዘዘ መጣ፣ እጃችንን ዘረጋን። አናቱ ላይ ሲደርስ ግን የፌስታሉ አፍ ተከፈተና ነፋስ ሞላው። አየር ላይ እንደ ጃንጥላ ቆመ ማለት ይቻላል። ከዚያ ቀስ ብሎ ወርዶ ጠርሙሱ ላይ ተሰካ። እኛም አንደርስበት፣ ጋሼም አይደርሱበት። ዘይቱ በግንቡ ላይ ጠብ ሲል ቆመን አየን። የደረሱበት አሞራዎቹ ናቸው።

ቲቸር ጥያቄ ሲሠራ ሁልጊዜ መጀመሪያ ላይ “የአየር ሰበቃ ችላ ይባላል” ብሎ ጽፎ ከስሩ ያሰምርበታል። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ጓደኛዬ እጇን አወጣች።

“ቲቸር፣ ችላ ባይባልስ?”

“ማለት?”

“ፕሮጀክታይሉ መንገድ ላይ ቢከፈት። እንደ ጃንጥላ።”

ቲቸር ጠመኔውን አስቀመጠ። “እናንተ የምትወረውሩት ምንድን ነው?”

“ኳስ።”

“የሚከፈት ኳስ?”

“የተነፈሰ ኳስ” አለች፤ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

ለማንኛውም መለሰልን። ዕቃው ሲጠቀለል ትንሽና ጥብቅ ይሁን፣ ክብደትም ይኑረው። እኛም ለጋሼ አደረስን፤ ፌስታሉን አጥብቀው ይቋጥሩት፣ እንዲከብድ ደግሞ አንድ አንድ የተቀቀለ ድንች ይጨምሩበት አልናቸው። ድንቹ በነፃ ነበር። ሐሳቡን ያመጣችው ጓደኛዬ ናት፤ ለፊዚክስ ብቻ ብላ እንዳላመጣችው እኔ አውቃለሁ።

የዚያን ቀን ፌስታሉ እንደ ድንጋይ ተጠቅልሎ ግንቡን በደንብ አልፎ መጣ። ልቀበለው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስል ከአንድ ሰው ጋር ተጋጨሁ። ፌስታሉ እሱ እግር ስር አረፈ። ቲቸር ነበር።

ጎንበስ ብሎ አነሳው። ቋጠሮውን ፈታ፣ አሸተተ፣ ግንቡን አየ፣ ከዚያ እኛን አየ። 

“በስንት ዲግሪ?” አለ።

“ስልሳ አካባቢ” አለች ጓደኛዬ።

አንዷን ሳምቡሳ ገመጠ። እያላመጠ ከግንቡ እስከወደቀበት ቦታ በእርምጃ ለካ። ተመልሶ እንደገና ለካ። ዓይኑ በቃሪያው እንባ ሞልቷል፣ ግን ፈገግ ብሏል።

“ነገ ለእኔም እዘዙልኝ” ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ክፍሉን በሙሉ ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። ፕራክቲካል ነው አለን። ስልክ ይዘን መግባት ስለማይፈቀድልን የራሱን አወጣና በቀስታ እንዲያሳይ አድርጎ ይቀርጽ ጀመር። መጀመሪያ በእያንዳንዱ ፌስታል ከተማሪው ጭብጨባ ይነሳል፤ በኋላ ግን ተማሪው ሁሉ የት እንደሚያርፍ መገመት ጀመረ። ሲያንቀላፉ የሚውሉት ልጆች እንኳ “አንግሉን ይቀንሱ ጋሼ” እያሉ ወደ ግንቡ ይጮኻሉ። ማዶ ያሉት ጋሼም ደስታ ይዟቸዋል፤ ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ “ደረሰ?” ይላሉ።

ድንገት ጩኸቱ ቆመ። ዞር ስል ዳይሬክተሯ ቆመዋል፤ አጠገባቸው አባባ፣ ከመጀመሪያው እንደጠረጠሩት የሆነላቸው ሰው ፊት ይዘው።

“ምንድን ነው ይሄ?” አሉ ዳይሬክተሯ።

“ፕራክቲካል ነው” አለ ቲቸር።

“ከግንቡ ማዶ ያለው ማነው?”

 ጋሼን የጩኸቱ መቆም ግራ ሳያጋባቸው አልቀረም፤ ድምፃቸው በግንቡ ላይ ከፍ ብሎ መጣ።

“ቲቸር፣ የእርስዎ ቃሪያ ይኑረው ወይስ ይቅር?”

የሳቀ የለም። መሳቅ ያልፈለገም የለም። ቲቸር መሬት መሬቱን አየ። ዳይሬክተሯ ሁላችንንም በዓይናቸው አዳርሰው እኔ ላይ ቆሙ፤ ምናልባት ለመለኪያ የመጣውን ዱላ የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ይሆናል።

“ፕራክቲካል ከሆነ አስረጂኝ” አሉ።

በዱላው አቧራው ላይ ግንቡን ሳልኩ፣ መንገዱን ሳልኩ።  የተወረወረ ነገር በአንድ ጊዜ ሁለት ጉዞ እንደሚሄድ ነገርኳቸው። ወደ ጎን የሚሄደው በነበረበት ፍጥነት ይቀጥላል፤ ሽቅብ የሚወጣው እየደከመ ሄዶ ይቆምና ይመለሳል፤ አንዱ ስለሌላው ምንም አያውቅም። ይህንን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለሳምቡሳ ስል የያዝኩት ይመስለኝ ነበር። እየተናገርኩ ሳለ ግን እንደገባኝ ታወቀኝ።  ያ ደስታ እንግዳ ነገር ነበር፤ ልቀጣ ቆሜ ሳለ ሌላ ጥያቄ እንዲጠይቁኝ ፈለግሁ።

ጠየቁኝም። “ታዲያ ለምን ቀጥታ አይወረውርም?”

“ቀጥታ ሲወረውሩ ሽንት ቤቱ ላይ ያርፋል” አልኩ።

ዳይሬክተሯ አሞራዎቹን ቀና ብለው አዩ። ከንፈራቸውን ነከስ አድርገው “ቲቸር፣ ቢሮ ይምጡ” አሉና ሄዱ።

ቲቸር ከቢሮ ሲወጣ ምን እንደተባለ አልነገረንም። ያወቅነው ከሰኞ ጀምሮ ጋሼ ትሪያቸውን ይዘው በእረፍት ሰዓት በበሩ እንዲገቡ መፈቀዱን፣ በግንቡ ላይ መወርወር ግን ፈጽሞ መከልከሉን ነው። አባባ የጋሼን ትሪ ሲፈትሹ አንድ ሳምቡሳ ቀምሰው ማሳለፍ ደንብ አደረጉት።

የሚገርመው ሽያጩ ወረደ። የመጀመሪያው ቀን ትሪው ዙሪያ ግፊያ ነበር፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ግማሹ ሳይሸጥ መመለስ ጀመረ። እኔና ጓደኛዬም ምሳ ዕቃ ይዘን መምጣት ጀመርን። በእጅ ሲሰጥ ሳምቡሳው ትንሽ ቀዝቃዛና ዘይት የበዛበት መሆኑ ታየን። ከዚያ በፊትም እንደዚያው ነበር መሰለኝ።

አንድ ቀን ጋሼ ትሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው።

“ምን በደልኳችሁ?” አሉን። “ድንቹን ስላስቀረሁት ነው?”

“አይደለም ጋሼ” አለች ጓደኛዬ።

“እኔም ብሆን” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አባባ እንዳይሰሙ ወደ በሩ እያዩ፣ “እንዲህ በሰላም መሸጥ አልጣመኝም። ማታ ማታ ሚስቴ ትስቅብኛለች። ክንድህ ገና መፍታታት ሲጀምር ሥራ ፈታ ትለኛለች።”

ከዚያ ትሪውን ወደ እኛ ገፋ አድርገው አንድ አንድ አንሱ አሉን። አነሳን። ቃሪያው እንደ ወትሮው ነበር፤ ሦስታችንም ደረጃው ላይ ተቀምጠን ደወሉ እስኪደወል ድረስ አፍንጫችንን እየጠረግን በላን።