የደከመ ድምፅ

እኛ የቢቸና ሰዎች ሞት በመደበቅ የሚስተካከለን የለም። ርቆ ያለ ልጅ ትምህርቱን ሳይጨርስ መርዶ አይነገረውም፤ ይህም ፍቅር ይመስለናል። ይመስለናል ነው የምለው።

ወልደ ኪዳን የጎረቤታችን የእትዬ ጥሩአየሁ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ለዶክትሬቱ የሬዲዮ መቀበያ ይሠራ ነበር። አንድ ክረምት ለእረፍት ሲመጣ እናቱ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቁት።

«እማ፣ መልእክቱ በጣም ደካማ ሆኖ በሰፊ ሞገድ ላይ ተበትኖ ነው የሚላከው። ግድግዳ ጣሪያውን እየመታ ተሰባብሮ ይደርሳል። የእኔ መቀበያ ስብርባሪውን ለቅሞ ይገጥመዋል፤ ያውም በትንሽ ባትሪ።»

«ግድግዳው ሲለዋወጥበትስ?»

«መጀመሪያ ላኪውም መቀበያውም የሚያውቁት ቃል ይላካል። መቀበያው ቃሉ እንዴት እንደተበላሸ አይቶ ራሱን ያስተካክላል።»

«እንደ ሰላምታ በለኛ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲደውሉለት ሁልጊዜ የሚጀምሩት «የእኔ ዓለም፣ እየሰማኸኝ ነው?» በማለት ነበር።

ከዚያ በሁለተኛው ዓመት እትዬ ጥሩአየሁ ጉበታቸውን ታመሙ። ሞጣ ያለችው ልጃቸው ይርጋነሽ ወስዳ አስታመመቻቸው። የመቀበያው መፈተኛ ቀን ቀርቦ ነበርና ወንድማቸው መሪጌታ አምላኩ «ሁሉን ጥሎ ይመጣል፤ እንዳትነግሩት» አሉ። መሪጌታን ማን ደፍሮ ይቃወማል? ልጁ ሲደውል «ሞጣ እህትህ ጋ ናት፤ ጠበል ሄዳለች» ተባለ፤ ደግሞ ሲደውል «ተኝታለች»። ከጫጫታ መሐል የጠፋ ምልክት ሲፈልግ የሚውል ሰው ይህን አመነ። እትዬ ጥሩአየሁ አርፈው ቢቸና ከተቀበሩ በኋላም «ጠበል ናት» ይባል ነበር።

መቀበያው ተፈትኖ አለፈ። ወልደ ኪዳን ለእናቱ ነጠላ ገዝቶ፣ እየፈነደቀ ሞጣ ገባ። ይርጋነሽ ጥቁሯን አውልቃ ተቀበለችው፤ እናቱ ጠበል ናቸው አለችው፤ እራትም አበላችው። በማለዳው ዘመድ ግቢውን ሞላና መሪጌታ መርዶውን ነገሩት።

አላለቀሰም። ነጠላውን ታቅፎ ወደ እህቱ ዞረ።

«አልጠራችኝም?»

«ጠርታሃለች» አለች ይርጋነሽ፣ መሬት መሬት እያየች። «ስልኩን ስጡኝ ብላ ለምናን ነበር። ድምፅዋ ደክሞ ይቆራረጥ ነበርና፣ ቢደወልም አይሰማሽም ብለን ከለከልናት።»

«አይሰማሽም አላችኋት? እኔ?»

ወደ እህቱ ጠጋ አለ።

«ከዚያስ?»

«ባዶ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ‹የእኔ ዓለም፣ እየሰማኸኝ ነው?› እያለች ነጋ።»

የጮኸው ያኔ ነው።