ወፍጮ ሰብራ የተሾመችው ሸጋዬ

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሸጋዬን የማያውቅ የለም። አሁንማ ቦርሳ አንጠልጥላ በማኪና ስትወጣ ስትወርድ የሚያያት ሁሉ “ጓድ ሸጋዬ” ይላታል። እኔ ከአጥሯ ወዲህ የምኖረው አማረች ግን ከየት ተነሥታ የት እንደደረሰች አውቃለሁ። ቀናች በሉኝ። አዎን፣ ቀንቻለሁ፤ የቀናሁትም በከንቱ አይደለም።

ሸጋዬ ዱሮም ነገር የሚበዛባት ሴት ናት። የገዛችውን ማሰሮ “አፉ ጠቧል፣ እጄ አይገባም” ብላ በሳምንቱ ገበያ ለሸክላ ሠሪዋ የመለሰች እሷ ናት። አንጥረኛውን አያ ክንዱን፣ ያን የመሰለ ሽማግሌ፣ “ማጭድህ እንኳን ሣር ቅቤ አይቆርጥም” ያለችም እሷ ናት። ባሏ አለበል ዝምተኛ ሰው ነው፤ እንዴት እንደቻላት እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። እኔን እናቴ ያሳደገችኝ “ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም” እያለች ነው።

ነገሩ የመጣው ከአብዮቱ ወዲህ፣ የሴቶች ማኅበራችን ከተቋቋመ በኋላ ነው። እታገኘሁ የምትባል የቤት አያያዝ አስተማሪ ከጎንደር አራት የብረት ወፍጮ ጭና መጣች። ሳንቃ ላይ ይታሰርና እጀታው በእጅ ይዞራል። ሰብስባን እንዲህ አለች፦

“ይህ ገና ሙከራ ነው። በብዛት ከመሠራቱ በፊት ፍጩበትና ጉድለቱን ንገሩኝ። በደንብ ለሞከረችው ወፍጮው ይቀርላታል።”

ከልጅነቴ ጀምሮ ድንጋይ ላይ ተደፍቼ ጉልበቴ ያለቀ ሴት ነኝና ያን ወፍጮ ተመኘሁት። ሞካሪዎቹን የመረጠችው የማኅበሩ ሊቀመንበር ወርቅውሃ ናት። ቤቷ የጠራ፣ አፏ የተቆጠበ ሴት ስትፈልግ መጀመሪያ የጠራችው እኔን ነው። ሸጋዬ “እኔስ?” ብትላት “አንቺ እንግዳ ፊት ታዋርጂናለሽ” አለቻት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እንግዲህ የሰው ዕቃ አደራ ነው። እኛ ዘንድ አደራ የተቀበለ ሰው እንደተሰጠው ይመልሳል፤ ጭረት አያሳይበትም። የመንግሥት ንብረት አበላሸሽ ተብሎ መታሰርም አለ። ስለዚህ ወፍጮውን ቅቤ ቀብቼ፣ በነጠላ ጠቅልዬ ጓዳ አኖርሁት። እታገኘሁ ልትጠይቅ ስትመጣ አውጥቼ ሳንቃው ላይ አስረዋለሁ።

“እንዴት ነው?” ትለኛለች።

“ሸጋ ነው፣ እግዜር ይስጥልን።”

“የሚያስቸግር ነገር የለውም?”

“ምን ብሎ።”

ስትሄድ ወደ ድንጋዬ እመለሳለሁ። ወፍጮ የደረሳቸው ሌሎቹ ሦስት ሴቶችም እንደዚሁ ናቸው። ያቺ አስተማሪ ልጅ ግን በመጣች ቁጥር ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። አንድ ቀን “ለምስጋና ነው እንዴ ይህን ሁሉ መንገድ የምመላለሰው?” አለች። ምን እንደጎደለባት አልገባኝም።

ለኅዳር ቁስቋም ንግሥ ጎንደር፣ እኅቴ ዘንድ ወረድሁ። ስመለስ ነጠላው ጓዳ ወድቋል፣ ወፍጮው የለም።

“ለሸጋዬ አውሼያት ነው” አለኝ ባሌ ስማቸው፣ ምንም እንዳልሆነ ነገር።

“ምነው ስማቸው፣ ምን በደልሁህ?”

“ለምናኝ እንዴት እንቢ ልበል? አንቺ ዘንድ እንደሆነ ተጠቅልሎ ነው የሚኖረው።”

የገዛ ባሌ እንኳ እሷን እንቢ ማለት አይሆንለትም። ሮጬ ብሄድ ባቄላ ስትከካበት፣ ብቅል ስትፈጭበት፣ ጭራሽ በርበሬ ከነጨው ስታዞርበት ሰንብታለች። እጀታው ተሰብሮ በጠፍር ታስሯል። “ደካማ ነው” አለችኝ፣ የሚያጽናናኝ መስሏት።

እታገኘሁ በመጣች ቀን ቀድሜ ወጣሁና በወርቅውሃ ፊት “እኔ አልነካሁትም፣ የሰበረችው ሸጋዬ ናት” አልሁ። ከታሰረችም እሷ ትታሰር፣ ጥፋቱ የሷ ነው። እታገኘሁ የተሰበረውን እጀታ አገላብጣ አየችና ሳቀች። ሸጋዬን አስጠርታ “እስቲ ይንገሩኝ፣ እትዬ” አለቻት። ሸጋዬ ደግሞ ይንገሩኝ ተብላ ነው? እጀታው አጭር ነው፣ ትከሻ ይገድላል፤ እህል መጨመሪያው ጠባብ ነው፤ ሳንቃው ካልተያዘ ይዘላል፤ ሽሮው ብረት ብረት ይላል። ያቺ ልጅ ስትጽፍ ዋለች። የሦስቱን ሴቶች ወፍጮ ደግሞ በጣቷ ነካ አድርጋ፣ የተጣበቀባትን ቅቤ ጠረገች።

ወፍጮዎቹን ጭና ሄደች። ሲመለሱ ረጅም እጀታ ተገጥሞላቸው መጡ፤ አንዱም ሸጋዬ ቤት ገባ። “ለሞከረችው ነው ያልሁት” አለች እታገኘሁ። እኔ በአደራ ጠብቄ ባዶ እጄን፣ እሷ ሰብራ ባለወፍጮ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ እንዲሉ፣ ሞካሪ ሴቶችን እንድትመርጥና እንድትቆጣጠርም እሷኑ ቀጠረቻት።

ሥራዋን አይቻለሁ፤ ዓይኔ ከሷ ላይ ተነሥቶ አያውቅም። ገበያና ምንጭ ዳር ቆማ ታዳምጣለች፤ የምታማርረዋን ትመዘግባለች። ሳትጠራ ሰው ቤት ትገባለች፤ ዕቃው ጥላሸት ካልነካው ነጥቃ ለሌላዋ ትሰጣለች። ዳባት ድረስ ስሟ ይጠራል። ከእኔ ጋር ውሃ ስትቀዳ የኖረችው ሸጋዬ።

ዘንድሮ ደግሞ በእንስራ ፈንታ የሚታዘል፣ ማንገቻ ያለው የቆርቆሮ ውሃ መያዣ ይዛ መጣች። ቀጥታ እኔ ቤት ገባች።

“አማሪ፣ ከሁሉ በፊት አንቺን ልመዝግብ ብዬ ነው” አለችኝ። “እንስራው ምን ምንሽን ያሳምምሻል?”

የእንስራው ገመድ ደረቴን ልጦታል። ወገቤን ስማቸው ካላሸኝ አልነሣም። ልናገር አፌን ከፈትሁ። ያ ቦርሳ፣ ያ እርሳስ ታየኝ። እሷ ፊት አመመኝ ልል? ለሸጋዬ?

“ምንም አያመኝም፣ እግዜር ይመስገን” አልኋት።

“እውነትሽን ነው?”

“እውነቴን ነው።”

እርሳሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወደ ጎረቤታችን ወደ እናኑ ሄደች፤ እናኑም ቁጭ በይ ሳትላት ማማረር ጀመረች።

በማግስቱ እንስራዬን አዝዬ ወደ ምንጩ ስወርድ እናኑ በአዲሱ ቀድታ ስትመለስ መንገድ ላይ አገኘኋት። ሁለት እጇ ባዶ ነው፣ እያወናጨፈች ትሄዳለች።

“እንዴት ነው?” አልኋት።

“ማንገቻው ትከሻ ይቆርጣል። ለሸጋዬ ነግሬ አስቀይረዋለሁ” ብላኝ አለፈች።

ያን የሚቆረጥ ትከሻዋን እንኳ ቀናሁበት።