ለእኔ ብቻ የሚመልስ መስመር

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። መንዝ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ሆስፒታል የኮምፒውተርና የኔትወርክ ሠራተኛ ነበርኩ። ራጅ አንባቢ ሐኪም ስላልነበረን ፎቶው በመስመር ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይላካል፤ እዚያ ያለው ሐኪም አይቶ ይጽፍልናል። መስመራችንን ከውጭ ጋር የሚያገናኘው ማሽን፣ ራውተሩ፣ በተቀየረ ማግስት ፎቶው መሄድ አቆመ።

በዚያው ቀን ከጓሳ ጥግ አንዲት እናት በቃሬዛ መጡ። ውርጭ ያሟለጨው ድንጋይ ላይ ተንሸራተው ወድቀው ዳሌያቸው ተጎድቷል። ሽማግሌው ባለቤታቸው ማወቅ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚሁ ይታከማሉ ወይስ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይሄዳሉ? ሐኪማችን ግን ፎቶው ሳይነበብ አልወስንም አለ።

ራውተሩ ጋ ተቀምጬ ፒንግ አደረግሁ። ፒንግ ማለት ሩቅ ያለውን ማሽን «አለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ቶሎ ቶሎ መለሰልኝ። ከተማ፣ ትልቁ ሆስፒታል ያለው የኔትወርክ ባለሙያም በስልክ፣ «እኔም ጋ ይመልሳል፤ መስመሩ ንጹሕ ነው። የራሳችሁን ኮምፒውተር እዩ» አለኝ። አየሁ። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ፎቶው ንቅንቅ አላለም። በማግስቱ ስደውልለት ያንኑ ደገመልኝ፤ ያውም እየሳቀ። እኔም፣ ማፈሪያው፣ ሽማግሌውን ባገኘኋቸው ቁጥር «አባባ፣ መስመሩ ይሠራል፤ ትንሽ ይታገሡ» እላቸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው በሬን በርግደው ገቡ።

«አንተ ስትጠራው አቤት ይላል፤ የሚስቴን ፎቶ ግን አይቀበልም። ለመሆኑ በማን ስም ነው የምትጠራው?»

ልጮህባቸው ነበር። አላስጀመሩኝም።

«እኔ የጓሳ ሣር ጠባቂ ነበርኩ። ሣር ሊያጭድ የመጣን ሰው መጀመሪያ የማን ወገን እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ካላወቅሁት ማጭዱን ይዞ ይመለሳል።»

ያን ጊዜ በራልኝ። ራውተሩ ሲጠይቅ የኖረው በራሱ የውጭ አድራሻ ነው፤ እሱን የትልቁ ሆስፒታል ማሽኖች ያውቁታል። ፎቶው ግን የሚነሣው ከውስጥ፣ በውስጥ አድራሻ ነው። ፒንጉ ከውስጥ እንደመጣ ሆኖ እንዲጠይቅ አዘዝኩት። በንዴት የራጁን ኮምፒውተር አድራሻ ጻፍኩለትና እምቢ አለ፤ ማሽን የራሱ ባልሆነ አድራሻ አይጠይቅም። ተራግሜ የራውተሩን የራሱን የውስጥ አድራሻ ሰጠሁት። አሥር ጊዜ ጠየቀ። አንድም መልስ የለም።

ደወልኩ። «ከውስጠኛው አድራሻ ሞክሬዋለሁ፤ ሞቷል» አልኩት። ሄዶ ማሽናቸውን አየ። ለካ ራውተሩ ሲቀየር የውስጥ አድራሻችንም ተቀይሮ ኖሯል፤ እነሱ ደግሞ አዲሱን ማሽናቸው ላይ አላስገቡም። ጥያቄያችን ይደርሳል፣ መልሱ ግን መመለሻ መንገድ የለውም። አድራሻችንን የሚያስገባ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈ። ሁለት ደቂቃ! «ይቅርታ» የለ፣ ምን የለ፤ «አሁን ይሠራል» አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ፎቶው ሄደ። ሰዓት ሳይሞላ መልሱ መጣ፤ ዳሌያቸው ተሰብሯል፣ በአስቸኳይ ይላኩ፣ እስካሁን ለምን ቆዩ ይላል። ለሽማግሌው አነበብኩላቸው።

«ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ይሠራል ስትለኝ የነበረው የቱ ነው?» አሉኝ።

በከተማው ሰው ላላክክ አፌን ከፈትኩ። ግን እሳቸው ፊት ቆሞ «ይሠራል» ያለው እሱ አልነበረም። ተነሥቼ ሚስታቸው ወደተኙበት ሄድኩና የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዝኩ።