ሰላምታ ከለከለች የተባልኩበት ቡድን

የበደለችኝ ከደሴ ኮምቦልቻ በአንድ ሰርቪስ አብራኝ ትመላለስ የነበረች የሥራ ባልደረባዬ ናት። የበደለችኝም ፋብሪካችን ከጦርነቱ በኋላ ተጠግኖ ሥራ በጀመረ በዓመቱ፣ በኢድ አልፈጥር ዋዜማ ነው። ስሟን አልጽፍም። ሁለታችንም የሆጤ ሰዎች ነን፤ የሰፈሩ ሰው ያውቃታል፣ ያ ይበቃል።

የምንሠራው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ፣ ንድፍ ክፍል ነበር። ሸሚዝ ከመቆረጡ በፊት የአካሉ፣ የእጅጌው፣ የኮሌታው ቅርጽ ለየብቻው ይወጣል፤ ፓተርን እንለዋለን። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በካርቶንና በመቀስ ስሠራው ኖሬያለሁ። በኋላ ይህንኑ በኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም መጣና ሁለታችንም ሥልጠና ወሰድን። ፕሮግራሙ ከባድ ነው። መመሪያው በእንግሊዝኛ ከመሆኑም ሌላ የሚጠቅመው እያንዳንዱን የፕሮግራሙን ትእዛዝ በስሙ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። የእኛ ሰው የሚያውቀው የትእዛዙን ስም ሳይሆን የደረሰበትን ችግር ነው።

ስለዚህ ሰው እርስ በርሱ እንዲማማር ቴሌግራም ላይ ቡድን ከፈትኩ። የከፈትኩት እኔ ነኝ። ይህን አስረግጬ የምናገረው በኋላ የከፈተችው እሷ ናት ስለተባለ ነው። የእኔ ስልክ አሮጌ ስለነበር በእሷ ስልክ ከፈትኩትና ሁለታችንም አስተዳዳሪ ሆንን። መጀመሪያ የእኛ ክፍል ሰዎች ገቡ፣ ቀጥሎ ከሌሎች የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች፣ ከዚያም ኮምፒውተር የገዙ የደሴ ልብስ ሰፊዎች።

ጥቂት ወራት እንደቆየን ችግሩ ታየኝ። አንዷ ጥያቄ ስትልክ በመጀመሪያ በጽሑፍ «እንዴት ዋላችሁ፣ ቤተሰብ ሰላም ነው፣ እንኳን ለጁምዓ አደረሳችሁ» ትላለች። ጥያቄዋን ግን በድምፅ ትልካለች። የሚመልስላትም ሰላምታዋን በጽሑፍ ይቀበልና መልሱን በድምፅ ይልካል። ቴሌግራም ፈልጎ የሚያገኘው የተጻፈውን ነው። «እጅጌ» ብዬ ብፈልግ ምንም አይመጣም፤ «እንኳን አደረሳችሁ» ብዬ ብፈልግ ማለቂያ የለውም። ትምህርቱ ሁሉ ድምፅ ውስጥ ተቀብሮ የሚገኘው ሰላምታው ብቻ ሆነ። አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ሲመጣ መላሹ ይሰለቻል፣ ጠያቂዋ ታፍራለች፣ ስታፍር ደግሞ ዝም ብላ ጨርቁ ላይ ትሞክራለች። ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም። በዚያ ጨርቅ ከሥራዋ የተባረረች ሴት አውቃለሁ።

ደንብ አወጣሁ። ጥያቄ በጽሑፍ ይሁን፤ ችግሩ በአፋችሁ እንደመጣ ይጻፍ። ሰላምታ ደግሞ ለብቻው በከፈትኩት ሌላ ቡድን ይሁን። መጻፍ ለሚከብዳቸው ድምፃቸውን እየሰማሁ እኔ እጽፍላቸው ነበር። «ትልቁ ልክ ላይ እጅጌው ብብቱ ውስጥ አልገባ አለኝ» ያለችውን ሳልነካ እንዳለ ጻፍኩት፤ ከሥሩ መልሱን አስከተልኩ።

ባልደረባዬ ሰርቪስ ውስጥ ስልኬን አየችና «ይሄ ምንድን ነው? በሥርዓት ጻፊው እንጂ» አለችኝ።

«በሥርዓት ብጽፈው ማን ያገኘዋል? እጅጌው አልገባ ያላት ሴት የምትፈልገው እጅጌው አልገባ አለኝ ብላ ነው።»

«ፖሊስ ጣቢያ ቃል የምትቀበይ ነው የምትመስይው።»

በዙሪያችን ያሉት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ያኔ ጓደኛሞች ነበርን።

የሰላምታው ነገር ግን ሰውን ቅር አሰኝቷል። ከኔ ብዙም የማታንስ አንዲት ጨርቅ ቆራጭ፣ በሰርቪስ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ደወለችልኝ።

«እትዬ፣ ሰላምታ ከለከሉ አሉኝ። ወላሂ እውነት ነው?»

«አልከለከልኩም። ከጥያቄው ይለይ ነው ያልኩት።»

«እና እንዴት አደሩ ሳልል ዘልዬ ስለ ኪስ ላውራ?»

«ስለ ኪስ አውሪ።»

«አይ እርስዎ» አለችና ስለ ኪስ ጻፈች። መልእክቷ መጨረሻ ላይ ግን እንዴት አደሩ ጨምራበታለች። ተውኩላት።

የበዓል መልእክት ሲመጣ ወደ ሰላምታው ቡድን አሳልፈውና ከጥያቄው ቡድን አጠፋዋለሁ። የጥምቀቱን አጥፍቻለሁ፣ የመውሊዱን አጥፍቻለሁ። በዚያ ሰሞን የፋሲካውን ባጠፋሁ በቀናት ውስጥ የኢዱ መጣ፤ እሱንም አጠፋሁ። አስተዳዳሪ የተሰረዘውን ማየት ይችላል። ባልደረባዬ የተሰረዘውን የኢድ መልእክት ከነስሜ ፎቶ አንስታ ቡድኑ ላይ ለጠፈችው። ከሥሩ «በበዓላችሁ ዋዜማ ይህ ተደርጓል። እኔ የለሁበትም» ብላ ጻፈች። ስለ ፋሲካው አንድ ቃል አልተናገረችም። እሷም እንደኔ ክርስቲያን ናት፤ የራሷ የፋሲካ መልእክት ጭምር ተሰርዞ ነበር።

ወሎ ውስጥ የሰው በዓል ናቀች መባል ምን ማለት እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል። የእናቴ እህቶች ሰጋጆች ነበሩ፤ ልጅ ሆኜ ኢድን የማሳልፈው እነሱ ቤት ነው። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ቡድኑ ውስጥ ነበሩ፤ ዝም አሉ። አንዱ «ከእርስዎ አልጠበቅንም» ብሎ ጻፈ። መልስ ልጽፍ ስል ቡድኑ አልከፈት አለኝ። ቡድኑ በእሷ ስልክ የተከፈተ ነውና አስወጥታኛለች።

ከበዓሉ በኋላ ሰርቪስ ላይ ስገባ አጠገቧ ሌላ ሰው አስቀምጣለች። «ደህና አደርሽ» አለችኝ። «ደህና» አልኳት። ለምን እንዳደረገችው አልጠየቅኋትም። የምጠረጥረው አለኝ፤ ፋብሪካው ለአዲስ ገቢዎች የፕሮግራሙን አሠልጣኝ የሚመርጥበት ጊዜ ነበር። የተመረጠችው እሷ ናት። እኔን ምን ሆነሽ ነው ያለኝ ሰው ቢኖር አስረዳ ነበር። ያለኝ የለም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ያች የኪስ ጥያቄ የነበራት ቆራጭ ቤቴ መጣች። ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ቡድኑ ከላይ እስከ ታች አበባና እንኳን አደረሳችሁ ሆኗል፤ በመሀሉ ያልተሰማ ድምፅ ተደርድሯል።

«የእጅጌውን ነገር ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት ጽጌረዳ ነው» አለች። «የድሮው እርስዎ የጻፉት ብቻ ነው የሚገኘው።»

«በኢዱ ጊዜ የት ነበርሽ?»

«እዚያው ነበርኩ።»

«ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ። እርስዎስ ለምን ዝም አሉ?»

ስልኳን ተቀበልኩና በእሷ ስልክ እያየሁ የድሮውን ጥያቄና መልስ በሙሉ በኋላ በገዛሁት በራሴ ስልክ ወደከፈትኩት አዲስ ቡድን ገለበጥኩት። ለሰላምታም ሌላ ቡድን ከፈትኩ። ደንቡን አልቀየርኩም። «ለኢድ እንኳን ትንሽ በር ይክፈቱ» አለችኝ። ለኢድም ለፋሲካም በሩ እዚያኛው ቡድን ነው አልኳት። እየሳቀች ገባች፤ ሌሎችንም አስገባች። ካለፈው ክረምት ጀምሮ እዚያ ሲፈለግ የሚገኘው መልስ ነው።

በዚያው ክረምት ባልደረባዬ ሁለቱም ቡድኖች ውስጥ ገባች። «እንዴት ነሽ እህቴ፣ ጠፋሽብን፣ ቤተሰብ እንዴት ነው» ብላ አስቀደመች። ቀጥላ በሌላ መልእክት፦ «ሸሚዙ ሲታጠብ እያጠረ አስቸገረኝ፤ ሠልጣኞቹ ይጠይቁኛል፤ ፓተርኑ ላይ ስንት ልጨምር?»

ሰላምታዋን ወደ ሰላምታው ቡድን አሳለፍኩት። ጥያቄዋን እንዳለ ተውኩት። ከሥሩ መልሱን ጻፍኩ፦ ከዚያው ጨርቅ ቁራጭ ለክተሽ እጠቢ፤ ሲደርቅ ደግመሽ ለኪ፤ በቁመቱና በጎኑ የቀነሰውን ለየብቻ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገቢ፤ በግምት አትጨምሪ።

ማንበቧን አየሁ። ከዚያ ከሁለቱም ቡድኖች አስወጣኋት።