ስምንት እሑድ የተቆጠረ ትራስ

ጋሽ ቱንቢ ይህን ቅጽል ስም ያተረፉት በአርባ ዓመት የግንበኝነት ሥራቸው ነው። ሌላው ግንበኛ የግድግዳን ቀጥታ የሚለካበትን ባለ ገመድ ቱንቢውን የሚጥለው ጥርጣሬ ሲገባው ብቻ ነው፤ እርሳቸው ግን በየሦስት ረድፉ ይጥሉ ነበር። ግድግዳው የጣት ያህል ዘሞ ከተገኘ፣ አሠሪው ቆሞ እያየ እንኳ ቢሆን፣ አፍርሰው እንደገና ይጀምራሉ። ጡረታ ሲወጡ ቱንቢው ከእጃቸው ወደ አፋቸው ተዛወረ። ሰው ሲዘገይ፣ ወሬ ሲንዛዛ፣ በር ገርበብ ብሎ ሲተው ሳይናገሩ አያልፉም። ባለቤታቸው ለጎረቤት ሲያወጉ፣ ‹‹እኔን እስከ ዛሬ ያላፈረሱኝ ቀጥ ብዬ ስለምተኛ ነው›› ይላሉ።

እንዲህ ያለ ሰው የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሲሆን ለራሱም ለጉባኤውም ፈተና ነው። የጸሎት ቤቱን ግድግዳ ከመሠረት እስከ ጣሪያ የገነቡት እርሳቸው ስለ ነበሩ፣ ሲቆጡ ‹‹ይረጋጉ›› ለማለት የሚደፍር እምብዛም አልነበረም። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሽማግሌነት አገልግሎታቸው ከስንፍናም ከሐሜትም ይልቅ ያንገሸገሻቸው ኮሚቴ ነው። ጣሪያው ያፈሰሰ እንደ ሆነ መሰላል ከመምጣቱ በፊት ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ኮሚቴው ተሰብስቦ ፍሳሹ በእርግጥ መኖሩን እስኪወስን ድረስ ዝናቡ ያልፋል።

በዚያ ዓመት ከዋናው ጽሕፈት ቤት አንድ መጠይቅ መጣ። ‹‹የአጥቢያው መንፈሳዊ ጤንነት›› የሚል ርእስ፣ ዐሥራ ሁለት ጥያቄዎችና ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከዐሥር የሚሞላ ነጥብ ነበረው። ሽማግሌዎቹ ረዥሙን ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። ወጣቱ መጋቢ፣ ንግግሩ የለሰለሰ፣ ሐሳቡም ቅን የሆነ ሰው፣ ጥያቄዎቹን በየተራ አነበበ። ጸሐፊዋ ደግሞ መልሱን ጻፈች። ይህች ሴት ከመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት በጡረታ የወጣች፣ ያለ ማኅተም የወጣ ወረቀት ራቁቱን የወጣ ሰው የሚመስላት ናትና፣ ምእመናኑ ‹‹እትዬ ማኅተም›› ይሏታል። ለፍቅር ዘጠኝ ተሰጠ። ለጸሎትም ዘጠኝ። ለትሕትና ግን፣ ብዙ ከተከራከሩ በኋላ፣ ዐሥር ሰጡ።

ሰባተኛው ጥያቄ፣ ‹‹ከጉባኤው ጠፍቶ ያልተጠየቀ ምእመን አለን?›› የሚል ነበር። ጸሐፊዋ ቀና እንኳ ሳትል ‹‹የለም›› ብላ ጻፈች። ማስረጃዋ የአስተናባሪው ቆጠራ ነው። በአዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ አርባ ወንበሮች አሉ፤ አስተናባሪው ሁለተኛው መዝሙር ሲጀመር ባዶዎቹን ወንበሮች ብቻ ይቆጥርና ከጠቅላላው ይቀንሳል። ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ወንበር ግን አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ዘዴው ፈጣን ነው ተብሎ ከዓመታት በፊት በኮሚቴ ጸድቋል። ጋሽ ቱንቢ ቀዳዳ ቆጥሮ የድንጋዩን ብዛት የሚያውቅ ግንበኛ አይተው እንደማያውቁ አጉረመረሙ፤ ነገር ግን ሰዓቱ ስለ ሄደ አልገፉበትም። መጠይቁ በሚቀጥለው ረቡዕ እንዲፈረም ተስማምተው ተበተኑ።

እሑድ ሆነ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሕፃን ያዘለች አንዲት እንግዳ ሴት ከበሩ ቆማ ዓይኗን ስታንከራትት ቆይታ፣ በአራተኛው ረድፍ ዳር ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር አገኘች። በላዩ በእጅ የተሰፋ አረንጓዴ ትራስ ነበረበት። ገና አረፍ ከማለቷ አስተናባሪው ደረሰ።

‹‹ይቅርታ እህቴ፣ ይህ ቦታ ሰው አለው።››

ሴትዮዋ ይቅርታ ጠይቃ ተነሣች፤ ጥቂት ቆመች፤ ሕፃኑ ሲነጫነጭባት በመጣችበት በር ወጥታ ሄደች። ጋሽ ቱንቢ ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ ተቀምጠው ይህን ሁሉ አዩ። ደም ሥራቸው ተገትሮ አስተናባሪውን በእጅጌው ሳቡት።

‹‹የማን ቦታ ነው?››

‹‹የእማማ ሰኞ ነዋ፣ ጋሼ። ትራሳቸውን አያዩትም?››

‹‹ትራሱንማ አየሁት። እሳቸውስ?››

አስተናባሪው መልሱን ከትራሱ የሚጠብቅ ይመስል ወደ ወንበሩ ተመለከተ። ‹‹ይመጡ ይሆናላ›› አለ።

እማማ ሰኞ ዕድሜያቸውን በፖስታ አዳይነት ያሳለፉ፣ ባል የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ናቸው። የከተማውን በር ሁሉ ያውቃሉ። ጡረታ ሲወጡ ደብዳቤው ቀረ እንጂ እግራቸው አልቀረም፤ እሑድ ከጉባኤ የቀረ ሰው ሰኞ ጠዋት በሩ ይንኳኳበታል። ማንም አልመደባቸውም፤ በየትኛውም ቃለ ጉባኤ ላይ ስማቸው አልሰፈረም። ‹‹ለምን ቀረህ?›› አይሉም። ደኅንነትን ይጠይቃሉ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ። አንድ ሹፌር በስንፍና የቀረ ጊዜ ድምፃቸውን ሰምቶ ከነጫማው አልጋ ውስጥ ገብቶ ቢያቃስት፣ ግንባሩን ዳሰስ አድርገው፣ ‹‹ትኩሳቱ ከጫማህ ነው፤ አውልቀው›› ብለውት እንደ ሄዱ እስከ ዛሬ ይወራል። ትራሱን የሰፉት ዳሌያቸውን ጠንካራው ወንበር ስለሚጎዳቸው ነበር።

ነገሩ ኋላ ሲጣራ የሚያሳፍር ሆኖ ተገኘ። ጽዳት ሠራተኛዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ትራሱን አንሥታ አቧራውን ታራግፋለች፤ ወንበሩን ትወለውልና ትራሱን በክብር ትመልሰዋለች። አስተናባሪው ዕቃ የተቀመጠበትን ወንበር ባዶ ነው ብሎ አይቆጥርም። እንዲህ እየሆነ ትራሱ በየሳምንቱ መዝሙር እንደ ዘመረ፣ ስብከትም እንደ ሰማ ምእመን ተመዝግቧል።

ጋሽ ቱንቢ ግን በዚያው እሑድ ቡራኬውን ሳይጠብቁ ወጡ። የእማማ ሰኞ ቤት ከአንድ የልብስ መተኮሻ ሱቅ በስተጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ተኳሿ፣ ክንዷ የፈረጠመ ጎልማሳ ሴት፣ ካውያዋን ሳታስቀምጥ ማንን እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። ከቤተ ክርስቲያን እንደ መጡ ነገሯት።

‹‹እ፣ አላችሁ እንዴ?›› አለች።

ተኳሿ የሸሚዙን ኮሌታ እየተጫነች ነገረቻቸው። እማማ ሰኞ ባልዲ ይዘው ከደረጃው ወድቀው የዳሌያቸው አጥንት ከተሰነጠቀ ስምንት ሳምንት ሆኗል። ሐኪሙ ሌላ ሦስት ወር እግራቸውን መሬት እንዳያስረግጡ አዟል። ያጠበቻቸው፣ ያበላቻቸው፣ ከወገባቸው ደግፋ ያነሣቻቸው እርሷ ናት።

‹‹እኔ የእናንተን እምነት አልከተልም፣ አባባ። ውኃ ለማሞቅ ግን ማንም እምነቴን አልጠየቀኝም። አሁን ሥራዬ እየተበደለብኝ ነው፤ ብቻዬን አልቻልኩም።››

እማማ ሰኞ በአልጋቸው ላይ ከስተው፣ ፀጉራቸው ተንጨባሮ ተኝተዋል። ጋሽ ቱንቢን ሲያዩ የመጀመሪያ ቃላቸው ከጉባኤ ስለ ቀሩ ይቅርታ መጠየቅ ነበር። ይህ ጋሽ ቱንቢን ከስድብ ይልቅ አሳመማቸው። ለምን ሰው እንዳልላኩ ጠየቋቸው።

‹‹ማንን ልላክ? የቀረውን የምጠይቀው እኔ ነበርኩ›› አሉ እማማ ሰኞ። አክለውም፣ ‹‹የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሰኞ ኮቴ አዳመጥኩ። ከዚያ በኋላ ተውኩት።››

ሐሙስ የእኅታቸው ልጅ መኪና ይዞ ይመጣል። ወደ ሚኖርበት ሩቅ ከተማ ወስዶ ከቤቱ ሊያስቀምጣቸው ቆርጧል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ‹‹እዚህ የሚጠይቅሽ አንድ ሰው ቢኖር እተውሽ ነበር›› ብሏቸዋል። መሄዱን ግን አልፈለጉትም። ‹‹እዚያ ከተማ የማውቀው አንድ በር የለም›› አሉ።

የጋሽ ቱንቢ ባለቤት ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሄደው የእማማ ሰኞን ልብስ ቀየሩ፤ ነገር ግን የገዛ ወገባቸው ስለሚያማቸው ሰው ማንሣት አይችሉም። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ለረቡዕ ጠዋቱ ስብሰባ ተተወ።

ጋሽ ቱንቢ ያዩትን ሲናገሩ ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። መጋቢው ከልቡ አዝኖ ጸሎት አደረገ፤ ጸሎቱም መልካም ነበር። ከጸሎቱ በኋላ ግን የአረጋውያን ጉብኝት ንዑስ ኮሚቴ ቢቋቋም የሚል ሐሳብ አቀረበ። አንደኛው ሽማግሌ ደገፈ። ሌላው የንዑስ ኮሚቴው ተጠሪነት ለማን እንደሚሆን ጠየቀ። ጸሐፊዋ በደንቡ መሠረት አባላቱ አምስት መሆን እንዳለባቸው አስታወሰች። በዚህ ሁሉ መካከል ጋሽ ቱንቢ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ፤ አልመቱትም፣ አሳረፉት ብቻ።

‹‹ሴትዮዋ ነገ ይሄዳሉ። እናንተ ተጠሪ ትመርጣላችሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው፣ ለፍቅር ዘጠኝ ሰጥተን ፈርመን ልንልክ ነው። እኔ ኮሚቴ አልጠየቅኩም። ነገ ጠዋት ማን ይሄዳል? ከነገ ወዲያስ?››

ጸሐፊዋ ፊቷ ቀላ። ‹‹ጋሼ፣ እርስዎ ከዚያ ትራስ ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ ነው የሚቀመጡት። ስምንት እሑድ ምን ሲያዩ ነበር?››

የሌላውን ዝመት ለማየት ያልደከመ ዓይን የራሱን አላየም ነበር። ጋሽ ቱንቢ የሚመልሱትን ቁጣ ፈለጉት፤ አላገኙትም።

‹‹ትራስ ሳይ ነበር›› አሉ በመጨረሻ። ‹‹እውነትሽን ነው።››

ከዚያም መጠይቁን ሳቡና በሰባተኛው ጥያቄ ፊት ያለውን ‹‹የለም›› ሰርዘው፣ ‹‹አለ፤ ስምንት ሳምንት አልጠየቅናትም›› ብለው ጻፉበት። ጸሐፊዋ ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ እንደማይላክ ብትናገርም ፈረሙበት። የቆጠራ ደብተሩን ይዞ በሩ አጠገብ የቆመው አስተናባሪ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከሥራ በፊት መሄድ እንደሚችል፣ ሰው ማንሣት ግን እንደማያውቅበት ተናገረ። መጋቢው ወደ ጋሽ ቱንቢ ተመልክቶ የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመ፤ ቅዳሜንና ሰኞን ለእርሱ እንዲያደርጉለት ጠየቀ። የቀሩት ጠረጴዛውን ማየት ቀጠሉ። ጸሐፊዋ ቦርሳዋን አንሥታ ሰላም ሳትል ወጣች።

ሐሙስ ረፋድ የእኅት ልጅየው ደረሰ። ረዥም መንገድ የነዳ፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነበር። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ የጋሽ ቱንቢ ባለቤት የእማማ ሰኞን ፀጉር ሲያበጥሩ፣ አስተናባሪውንም ተኳሿ ‹‹በጉልበትህ እንጂ በወገብህ አታንሣ›› እያለች ስትቆጣው አገኘ። ጋሽ ቱንቢ ነገሩን እንዳለ ነገሩት፤ ጥፋታቸውን አላስዋቡም። ሰውየው አዳምጦ ሲጨርስ የአክስቱን ልብስ ወደ ሻንጣ መክተት ጀመረ። ጸጸትን እንደሚቀበል፣ ነገር ግን በጸጸት ሰው እንደማይታጠብ በአክብሮት ተናገረ።

እትዬ ማኅተም ያን ጊዜ እያለከለከች ገባች። በእጇ በታይፕ የተጻፉ ሦስት ገጾች ነበሩ። ከትናንት ረፋድ ጀምራ ለአርባ አንድ ቤት ደውላ፣ ሃያ ሁለቱ እምቢ ብለዋት፣ ዐሥራ ዘጠኙን መዝግባለች፤ ጠዋት ማን፣ ማታ ማን፣ እስከ ዐሥራ ሁለት ሳምንት ድረስ ተዘርዝሯል። በየገጹ ግርጌ ማኅተም አርፏል። ጋሽ ቱንቢ አዩትና ትዕግሥታቸው አለቀ።

‹‹ለበሽተኛ ደግሞ ማኅተም ምን ያደርጋል?››

‹‹ያለ ማኅተም ማን ሊመጣልዎት!››

የእኅት ልጅየው ወረቀቱን ተቀብሎ እስከ መጨረሻው አነበበ። ‹‹እኔ ወረቀት አምኜ አክስቴን አልተውም፣ እትዬ›› አለ። ‹‹ነገ ጠዋት የሚያጥባት ማን ነው?››

‹‹እኔ›› አለች ጸሐፊዋ። ‹‹ውኃ የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸው።›› በአገጯ ጋሽ ቱንቢን አመለከተች፤ ጋሽ ቱንቢ ይህን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሰውየው አክስቱን አየ። እማማ ሰኞ የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር። ሰውየው ሻንጣውን ዘጋና ግድግዳው ሥር አቆመው። በየማለዳው በተኳሿ ስልክ እንደሚደውል፣ አንድ ጠዋት ሰው አልመጣም ከተባለ ግን ማንንም ሳያማክር መኪናውን አስነሥቶ እንደሚመጣ አስታውቆ ሄደ።

በማግሥቱ ማለዳ ጋሽ ቱንቢ ባልዲውን ይዘው ሲገቡ ጸሐፊዋ እጅጌዋን ሰብስባ ትጠብቅ ነበር። ጣቷን ነክራ ውኃው ያቃጥላል አለች። እርሳቸውም አርባ ዓመት ሲሚንቶ ያቦካ እጅ የውኃ ልክ እንደማይጠፋው ነገሯት። ሲሚንቶና የአሮጊት ገላ አንድ ከመሰላቸው በሩ ክፍት ነው፣ መሄድ ይችላሉ አለቻቸው። ቀዝቃዛ ውኃ ጨመሩ፤ በዛ ተባለ። ደግመው አሞቁ፤ ዘገዩ ተባሉ። በዚህ መካከል ስልኩ ጠራ፤ ተኳሿ ከሱቋ ሮጣ አምጥታ በእማማ ሰኞ ጆሮ ላይ አኖረችው።

የእኅት ልጅየው ሰው መጥቶ እንደሆነ ጠየቀ።

‹‹ሁለት ሰዎች መጥተዋል፣ ልጄ›› አሉ እማማ ሰኞ። ‹‹ገና አላጠቡኝም፤ በውኃው እየተጣሉ ነው። አንተ ሥራህን ሥራ።››