ሁሉም ቀን ይመቸናል

ይሄ የደረሰብኝ አምና ኅዳር ላይ ነው። ዓመት አልፎትም አልለቀቀኝም። የሰፈራችን ሰው ሁሉ ጥፋቱን ኮምፒውተር ላይ ጥሎ እስከ ዛሬ ይራገማል፤ እኔ ደግሞ እውነቱን አውቃለሁ።

የምኖረው ከጅጋ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። አስራ አንደኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ትቼ ቡሬ ሄድኩ፣ ፋብሪካ ውስጥ ጆንያ ስሸከም ከርሜ ተመለስኩ። በሰፈሩ ደህና ስልክ ያለኝ እኔ ስለሆንኩ የከተማ ጉዳይ ያለው ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣ።

ድሮ የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን የሚሄደው ጠላ ወደ ጠመቀና ደላላ ወደ ያዘ ሰው ነበር። እሱም ቆሻሻ አሠራር ነው፣ አይናፍቀኝም። አምና ግን ፍኖተ ሰላም ያለ አንድ ማኅበር «ከእንግዲህ ተራ የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው» አለን። ትደውላለህ፣ ስምና ቦታ ትናገራለህ፣ ስንት ኩንታል እንደሚሆን ትገምታለህ። ከዚያ የትኛው ማሽን፣ በየትኛው ቀን፣ በየት በኩል አድርጎ እንደሚመጣ ኮምፒውተሩ ራሱ ያሰላል። ትራክተር በባዶ እንዳይሮጥ፣ ነዳጅ እንዳይባክን ነው አሉ። ሊያስረዳን የመጣው ልጅ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው እየዘለለ «ሲስተሙ ኦፕቲማይዝ ያደርጋል» አለን። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅኩ። የገባው አንድም ሰው አልነበረም።

አብዛኛው ሰው «እስኪ እንየው» ብሎ ቆመ። መጀመሪያ ልመዝገብ ያሉት ጎረቤታችን እቴቴ ጥሩወርቅ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከአንዲት የልጅ ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት፤ በዱላ የሚወቃላቸው ሰው የላቸውም። በቆሏቸው ተሰብስቦ ደጃፋቸው ላይ ተከምሯል። ያ ክምር የዓመት ቀለባቸው ነው፣ ሌላ የላቸውም።

«በል እንግዲህ፣ በስልክህ አስመዝግበኝ» አሉኝ።

የደወልኩት ጅጋ፣ በገበያ ቀን፣ ፑል ቤት ደጃፍ ላይ ሆኜ ነው። የከተማ ጓደኞቼ አብረውኝ ነበሩ። ከቢሮ ጋር ሳወራ ይስሙኝ ብዬ ድምፁን ለቀቅኩት። የምትመዘግበው ልጅ ድምፅዋ ማር ነው። ሁሉንም ጠይቃ ስታበቃ «በበዓል ምክንያት የማትሠሩባቸው ቀናት ካሉ ይንገሩኝ፤ ሲስተሙ ይዘላቸዋል» አለች።

አንዱ ጓደኛዬ ሳቀ። «እህቴ፣ የነሱን በዓል ከምትቆጥሪ የሚሠሩባትን ሁለት ቀን ብትመዘግቢ ይቀልሻል!» ሌሎቹ ተንከተከቱ። ፊቴ ጋለ።

«ምንም የለም» አልኩ። «ሁሉም ቀን ይመቸናል። እኛ እንደ ድሮ ገበሬ አይደለንም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ጻፊው ብያለሁ!»

ጻፈችው።

መልእክቱ የገባው ኅዳር ሃያ ከሰዓት በኋላ ነው። «ማሽኑ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይደርሳል» ይላል። ነገ ጽዮን ማርያም ናት። በእኛ አገር በጽዮን ቀን እንኳን በቆሎ ሊፈለፈል እንጨት አይሰበርም።

ደወልኩ። ለምዝገባ አንድን ይጫኑ፣ ለቅሬታ ሁለትን ይጫኑ። ሁለትን ተጫንኩ። ሁለት ወደ ሦስት ላከኝ፣ ሦስትም ዘፈን አሰማኝ፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ተመልሼ አንድ ላይ ነኝ። በሬ እንኳ አውድማ ላይ ሲዞር ከሥሩ እህል ይወጣል። በስንት ዙር ያቺው ባለ ማር ድምፅ አነሳች። የሰደብኳትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ስጨርስ «መዝገቡ ላይ ሁሉም ቀን ይመቸናል ብለዋል እኮ» አለች።

ስልኩን ዘጋሁት። ቀኑ ይለወጥ እንደሆን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ለእቴቴ «ነገ ይመጣሉ። ኮምፒውተሩ በዓል አያውቅም» ብዬ ነገርኳቸው።

«ምነው ልጄ፣ የሚነግረው ሰው የለም?» አሉ። ስልኬን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ጠዋት ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ ትራክተሩ ማሽኑን እየጎተተ፣ እያጓራ መጣ። ሁሉም ከበበው። ሹፌሩ አቧራ የለበሰ ሰው ነው፤ ታብሌቱን ደረቱ ላይ እንደ መስቀል አንጠልጥሎታል።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ምን እንደሆነ አታውቅም?» አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማኝ ጮኼ።

«አውቃለሁ። እኔም ክርስቲያን ነኝ። ግን ይሄ ነገር ሂድ ሲለኝ እሄዳለሁ፣ ቁም ሲለኝ እቆማለሁ።»

«በሬ ነኝ በላ!»

«በሬማ ዛሬ ያርፋል» አለኝ።

ሰው ሳቀ። የሳቀው ግን በእኔ ነው።

ነገ ተመለስ አልነው። ታብሌቱን አሳየን፤ ነገ መራዊ በኩል ነው፣ ከዚያ ወዲያም ቀኑ ሁሉ ተይዟል። ጨነቀኝና ወደ እቴቴ ዞርኩ።

«እቴቴ፣ የሚሠራው እኮ ማሽኑ ነው። እኛ ቆመን ማየት ነው!»

«በቆሎውን የሚያጎርሰው ማነው? እጅ አይደለም?» አሉኝ። የደብራችን ቄስ መምሬ አጠገባቸው ቆመዋል። «መልሱን አገኘህ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ታብሌቱ ላይ ያለው ምርጫ ሦስት ብቻ ነው፦ ሥራው ተጠናቋል፣ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ደንበኛ አልተገኘም። ሹፌሩ ከሦስቱ አንዱን ሳይጫን መንቀሳቀስ አይችልም። ያን ሁሉ መንገድና ነዳጅ አሰላለሁ የሚል ጭንቅላት «በዓል ነው» የምትል አንዲት ቁልፍ አቃተችው።

«ተበላሽቷል በል» አልኩት።

«መካኒክ ይልኩብኛል። መጥቶ ደህና ማሽን ሲያገኝ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለና «ደንበኛ አልተገኘም» የሚለውን ተጫነ።

እቴቴ ምን እንደሚል አንብቡልኝ አሉ። ሲነበብላቸው የሹፌሩን ክንድ ቁንጥጥ አደረጉት። «አልተገኘሁም? ይሄ የማን እጅ ነው ታዲያ?»

ሹፌሩ ራሱ ሳቀ። እቴቴም እንግዳ ነው ብለው እስከ አጥሩ ሸኙት።

አልተገኘም የተባለ ሰው ወደ ወረፋው ጭራ ይወርዳል። ተራቸው ታኅሣሥ መጨረሻ ሆነ።

በአራተኛው ቀን ዘነበ። በኅዳር፣ ማንም ባላሰበው ሰዓት። ክምሩን ላስቲክ አለበስነው፤ ውሃው በሥር ገባ። በማግስቱ እጅህን ስትከተው እንደ ፍግ ይሞቃል። የታችኛው በቆሎ መሻገት ጀመረ። ለሰው ቀርቶ ለከብት የማይሆን።

የሰፈሩ ወጣቶች ተጠራርተን በዱላ መውቃት ጀመርን። ሦስት ቀን ፈጀ። መዳፌ ተላጠ፤ አፌ ግን አላረፈም። «ደንቆሮ ሳጥን! ጽዮንን ከተራ ማክሰኞ የማይለይ! መሬት ረግጦ የማያውቅ ለገበሬ ተራ ያወጣል!» ሰው በሳቅ ይፈርሳል፣ እኔ ይብስ ይሞቀኛል። ወሬው ቋሪት ድረስ ደረሰ። እዚያው ገበዘ ማርያም ያሉ ገበሬዎች ይሄን ሰምተው አንመዘገብም አሉ ተባለ። ኮራሁ።

በሦስተኛው ቀን ሌሎቹ ምሳ ሲሄዱ እኔና እቴቴ ደህናውን ከሻገተው እየለየን ቀረን። እኔ እንደ ልማዴ «ያ ደንቆሮ» ብዬ ጀመርኩ።

«ሹፌሩ ነግሮኛል» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«ምኑን?»

«እስከ አጥሩ ስሸኘው። ‹እማማ፣ ተጠይቃችሁ ነበር እኮ፤ ሁሉም ቀን ይመቸናል ብላችኋል› ብሎ አነበበልኝ። እኔ የጠየቀኝ የለም። ታዲያ ማን ተጠየቀ ብዬ አሰብኩ።»

«ለምን ዝም አሉ ታዲያ?»

«ስትሳደብ ደስ ሲልህ አየሁ።»

«ረስቼው ነው እቴቴ» አልኩ። በዚያ ላይ ዋሸሁ ማለት ነው።

«አልረሳህም። ብትረሳማ ምን ነበረበት? ሰው ይረሳል። አንተ አፍረህብን ነው።»

የሻገተውን በቆሎ ወደ ጎን ወረወሩና ሌላ አነሱ። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ቢቆነጥጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከክምሩ የተረፈው ግማሹ ነው። የቀረውን እናቴና ጎረቤቱ ከየጎተራቸው እየሰፈሩ ሞሉላቸው። እናቴ ስትሰፍር ቁናውን የያዝኩላት እኔ ነኝ። እሷም ኮምፒውተሩን እየረገመች ነበር።

አሁንም ያን ሲስተም እንቀዋለሁ። በሦስት ቁልፍ የሰው ኑሮ ላይ የሚፈርድ ነገር ቢናቅ ያንሰዋል እንጂ አይበዛበትም። ቆማ የምትቆነጥጥህን ሴት አልተገኘችም ይላል እንዴ? ግን ጠይቆኝ ነበር። የጻፈውም እኔ ያልኩትን ነው። የዋሸሁት ደግሞ ዛሬ ስደውል ስልክ ለማያነሱልኝ የፑል ቤት ልጆች ብዬ ነው። እና ከሲስተሙ ይልቅ የምንቀው ሌላ ሰው አለ፤ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ አገኘዋለሁ።

ለሰፈሩ ሰው እስካሁን አልነገርኩም። እቴቴም አልተናገሩም። ብቻ ለቅሶ ቤትም ይሁን ማኅበር፣ ሰው በተሰበሰበበት ወሬው ቀዝቀዝ ሲል እቴቴ ወደ እኔ ዞር ይላሉ።

«በል እስኪ ልጄ፣ ያን ኮምፒውተር ስደብልን» ይሉኛል።

ሰው ሁሉ ለመሳቅ ተዘጋጅቶ አፍ አፌን ያየኛል። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ።