የተላጠው ሰደፍ

ስሟን ለማንም ነግራ አታውቅም። የአጋዘን አደን ሊከፈት ሲል ግን በሞንታና ተራሮች ሥር ወዳለው የተኩስ ሜዳ ትመጣለች፤ የወንድ ካፖርት ደርባ፣ የረዘመባትን እጅጌ ጠቅልላ፣ ከቃታው ሥር ባለ ዘንግ የሚቀባበል ያረጀ ጠመንጃዋን አቅፋ።

አሮጌ ጠመንጃ እያደሰ የሚኖረው ኦርቪል ዘንድሮ አላስቻለውም። የሰደፉ ቀለም በቀኝ በኩል ተላጦ እንጨቱ ገጥጧል።

«እማማ፣ ይስጡኝና ቫርኒሽ ልቀባልዎ። አዲስ ይመስላል።»

«እጅህን ሰብስብ! ሟቹ ባሌ ዕድሜ ልኩን በጉንጩ የላጠውን አንተ በብሩሽ ልትሸፍነው?»

ጥይቶቹን በቀኝ እጇ አጎረሰች። ከዚያ ጠመንጃውን በግራ ትከሻዋ ደግፋ ጉንጯን የተላጠው ቦታ ላይ አሳረፈች።

ኦርቪል ግራ ገባው። «እርስዎ እኮ ግራኝ አይደሉም! በቀኝዎ ቢተኩሱ አይቀልዎትም?»

«ይቀለኛል። ግን በቀኜ ከተኮስኩ ጉንጬ በወዲያኛው ጎን ይውላል። እዚያ ደግሞ እሱ የለም።»

ዘንጉን ወደ ታች ገፍታ መለሰችና ተኮሰች። ከሩቅ የተሰቀለው የብረት ኢላማ ጮኸ።

«አየህ?» አለችው ከሰደፉ ቀና ሳትል። «ለምደነዋል።»